ሌንኮው እና የእናቴ ጆሮ፦ የአንድ ሸክላ ማጫወቻ ጥገና ማስታወሻ

ጥቅምት 9

ማሽኑ ዛሬ በባጃጅ ተጭኖ ቤት ገባ። ሾፌሩ ሊያግዘኝ ስለፈለገ ሸክላው ተቀምጦ የሚሽከረከርበትን ሰሃን በጨርቅ ጠቅልዬ አስያዝኩት። ደጃፋችን ላይ ሲደርስ «ወንድሜ፣ ይህ የወፍጮ ድንጋይ ነው እንዴ?» አለኝ። አልፈረድኩበትም። የሌንኮ ኤል75 ሰሃን ለብቻው ወደ 4 ኪሎ ይጠጋል። ስዊዘርላንዶቹ ይህን ዕቃ ሲሠሩ ሐሳባቸው ከሙዚቃው ይልቅ ባቡር ላይ የነበረ ይመስላል።

የሸጡልኝ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በወንደላጤነታቸው ዘመን አዲስ አበባ ገዝተው ወደ ባሕር ዳር ይዘውት መጡ፤ ላለፉት ሃያ ዓመታት ግን የአበባ ማስቀመጫ መደገፊያ ሆኖ ነው የኖረው። ስለ ዋጋ ልንነጋገር ስንል «ልታጫውትበት ነው ወይስ ልትፈታታው?» አሉኝ።

«ሁለቱንም ጋሼ፤ መጀመሪያ ግን እፈታዋለሁ።»

ሳቁና ከጠሩት ላይ 500 ብር ቀነሱልኝ።

ለምን እንዳስፈለገኝ ልጻፈው፤ በኋላ ገንዘቡ ሲያልቅ ምክንያቱን እንዳልረሳ። እናቴ አልጋ ሥር ባለ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ 31 ሸክላዎች አሉ። ሁሉም በደቂቃ 45 ዙር የሚሽከረከሩት ትናንሾቹ ናቸው፤ አባቴ የገዛቸው። ያጫውቱባቸው የነበረው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ እንደ ቦርሳ እጀታ ያለው ማጫወቻ ነበር አሉ፤ እኔ ነፍስ ሳላውቅ ተሰብሮ ተጥሏል። ስለዚህ እነዚህን ሸክላዎች እያየኋቸው አደግኩ እንጂ ሰምቻቸው አላውቅም። አባቴም ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው።

ጥቅምት 10

ጠረጴዛው ላይ አሮጌ አንሶላ አነጠፍኩ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ አልኮል፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ባዶ የእንቁላል ካርቶን። ለብሎን ማስቀመጫ የእንቁላል ካርቶንን የሚወዳደረው የለም፤ ስትፈታ ከመጀመሪያው ጉድጓድ ትጀምራለህ፣ ስትገጥም ከመጨረሻው ትነሣለህ። የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያ ስለሆንኩ በሥራዬ ሴንትሪፉጅ (ደምን እያሽከረከረ የሚለይ መሣሪያ) ስፈታ እውላለሁ፤ ይህም ቢሆን ቀስ ብሎ የሚዞር ሴንትሪፉጅ ነው ብዬ ራሴን አደፋፈርኩ።

ሰሃኑን ሳነሣው ግን ቆሜ አየሁት። የዚህ ማሽን ብልኃቱ እዚህ ነው። ሞተሩ በጎኑ ተጋድሟል፤ ዘንጉ እንደ ቀንድ ከወፍራም ወደ ቀጭን ይሾጥጣል። ዘንጉ ላይ ጠርዟ ጎማ የሆነች አንዲት ቀጭን መንኮራኩር ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ አናቷ ደግሞ የሰሃኑን ሆድ ይነካል። ሞተሩ መንኮራኩሯን ያዞራል፣ መንኮራኩሯ ሰሃኑን። ቀበቶ የለው፣ ማርሽ የለው። ፍጥነት መለወጥ ሲያስፈልግ ማንሻው መንኮራኩሯን በሾጣጣው ዘንግ ላይ ወደ ወፍራሙ ወይም ወደ ቀጭኑ ጫፍ ያንሸራትታታል። በመሆኑም በ16፣ በ33፣ በ45 እና በ78 ዙር ብቻ ሳይሆን በመካከላቸው ባለው በማንኛውም ፍጥነት መሽከርከር ይችላል። ሌላው ማጫወቻ ሁሉ እንደ ፒያኖ ቁልፍ ሲኖረው ይህ እንደ ማሲንቆ ነው፤ ጣትህን ከጭራው ላይ የትም ብታሳርፍ አይከለክልህም።

ጉዳቱን ደግሞ እነሆ። ዘይቱ ወደ ሙጫነት ተለውጧል። የመንኮራኩሯ ጎማ እንደ መስታወት ለስልሷል። የማብሪያው ካፓሲተር (ሲበራና ሲጠፋ የሚፈጠረውን ብልጭታ የሚውጠው ዕቃ) ተሰንጥቋል። የድምፅ ሽቦው ጫፍ ባለ አምስት እግሩ የድሮ የአውሮፓ መሰኪያ ነው፤ ዛሬ የሚገባበት ዕቃ አይገኝም። የእንጨት ሳጥኑ ከተጨመቀ ብናኝ የተሠራ በመሆኑ እርጥበት ጠጥቶ እንደ ዳቦ ተነፍቷል። ከሁሉም የከፋው መርፌውን የሚሸከመው ክንድ ነው፤ ለብቻው እጽፍበታለሁ።

ብረቱና ናሱ ግን ምንም አልሆኑም። አንድም የዝገት ምልክት የለም።

ጥቅምት 16

የሰሃኑ ዘንግ የሚገባበትን ጉድጓድ አጸዳሁ። ከሥር ያለውን ክዳን ስከፍት ጥቁር ማር የመሰለ ነገር በዝግታ ወጣ፤ በመካከሉም ሰሃኑን ከነክብደቱ የተሸከመችው የብረት ኳስ። በአልኮል ሳጥባት እንደ አዲስ አበራች። ለሞተሩ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት፣ ለዋናው ዘንግ ወፈር ያለ የማሽን ዘይት ጨመርኩ። ዘንጉ ወደ ጉድጓዱ ሲመለስ በራሱ አልወደቀም፤ አየሩን እየገፋ እየተሳበ፣ እየተሳበ ወረደ። ግጥሙ እንዳልተበላ የሚታወቀው እንዲህ ነው።

የመንኮራኩሯን ጠርዝ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዳበስኩት፤ ልስላሴውን ለማጥፋት ያህል ብቻ። ካፓሲተሩን ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር ለመገናኘት በተሠራ ዓይነት ተካሁት። እዚህ ላይ ማንም እንዳይቆጥብ፤ የተገኘውን የሬዲዮ ካፓሲተር እዚያ ቦታ ላይ የሚሰካ ሰው ቤቱን በእሳት የሚያጫርት ነው።

ጥቅምት 24

አሁን ወደ ክንዱ።

የኤል75 ክንድ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዘው በኩሽኔታ ላይ አይደለም። እንደ ገበያ ሚዛን በሁለት የብረት ስለቶች ላይ ያርፋል፤ ስለቶቹ የተቀመጡት ደግሞ ጎድጎድ ባሉ ሁለት ትናንሽ የጎማ መቀመጫዎች ውስጥ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ጎማው ንዝረት ይውጣል፣ ስለቱ ሰበቃ አይኖረውም። ነገር ግን ጎማ ሃምሳ ዓመት አይኖርም። በዓለም ላይ ያሉ የዚህ ሞዴል ባለቤቶች ሁሉ የሚያለቅሱት በዚችው ቦታ ነው። የእኔዎቹን በመርፌ ጫፍ ስነካቸው እንደ ደረቀ ቂጣ ፈረሱ። ክንዱም አንገቱን እንደ ደከመው ሰው ወደ ጎን አዘነበለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚመክረው ክንዱን አውልቆ መጣልና አዲስ መግጠም ነው። እኔ አልተቀበልኩትም። አንደኛ፣ ጥሩ የሚባለው አዲስ ክንድ የሦስት ወር ደመወዜን ይበላል። ሁለተኛ፣ ከክንዱ የሞተው ከባቄላ ያነሱ ሁለት ቁራጭ ጎማዎች ብቻ ናቸው። ጥርሱ ስለተነቀለ ሰውዬውን አንቀብረውም።

ፍርፋሪውን በወረቀት ጠቅልዬ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ሙያውን የተማሩት እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በተከፈተው በከተማችን ፖሊ ቴክኒክ ነው፤ አሁንም ሲለኩ የሚቆጥሩት በሩሲያኛ ነው። ፍርፋሪውን መዳፋቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ከምን ነው የምትፈልገው?»

«ከናስ ጋሼ።»

«ስለቱ ብረት ነው አላልከኝም?»

«ነው።»

«ብረት ብረት ላይ ሲቀመጥ ያወራል። ግን አንተ ከፋይ ነህ።»

ኅዳር 1

ናሶቹ መጡ፤ ጌጥ ናቸው። ገጠምኳቸው፤ ክንዱ ቀጥ አለ። በጣቴ ነካ ሳደርገው ግን «ጭርር» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰጠ፤ ኩባያ ሥር እንደገባ ፌንጣ። አሮጌ መርፌ አስሬ ሸክላ ላይ ሳሳርፈው ያው ጭርታ ከዘፈኑ ጋር አብሮ ወጣ።

ተመልሼ ሄድኩ። ጋሼ «ነግሬህ ነበር» አላሉም፤ ያንን በዝምታቸው ነው ያሉት። ከመሳቢያቸው ከአንድ የፋብሪካ ማሽን የተረፈ ነጭ የናይሎን ማርሽ አወጡና ሁለት ጥርሱን በመጋዝ ቆረጡ። ይህን ጊዜ ቶርኖውን አልነኩትም። ሞርሳው ላይ አስረው በደቃቅ ሞረድ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ እስትንፋሳቸውን እየያዙ ሠሩት። በየመሐሉ የኔን ስለት አስቀምጠው በጥፍራቸው ይገፉታል፤ ይሰማሉ፤ እንደገና ሁለት ጊዜ ይሞርዳሉ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ለሁለት የናይሎን ጥርስ! ሒሳብ ስል «ሲጫወት ጥራኝ» አሉኝ።

ማታ ገጠምኩት። ጭርታ የለም። ክንዱን ሚዛን ላይ አድርጌ በአፌ እፍ ስለው ሄደ፣ ተመለሰ፣ ቆመ።

ኅዳር 8

ሳጥን ያስፈልጋል፤ ከባድና የማይንቀጠቀጥ። በጎማ መንኮራኩር የሚነዳ ማሽን የሞተሩን ጉርምርምታ በቀጥታ ወደ ሰሃኑ ስለሚያስተላልፍ ቀላል ሳጥን ላይ ከተቀመጠ ከባስ ድምፁ ሥር ሁልጊዜ ባጃጅ የቆመ ይመስላል። አዲስ ዋንዛ መግዛት አልፈለግኩም። ዘጌ ካሉት አክስቴ ቤት የፈረሰ የዋንዛ መዝጊያ ስለነበረ በጀልባ፣ ከቡና ጆንያ ጋር አስጭነው ላኩልኝ። አናጢው በሦስት ደርብ በኮላ አጣበቀው፤ መሐሉን እንደ ሞተሩ ቅርጽ ፈለፈለ። በአንዱ ጎን የማጠፊያው ብሎን ቀዳዳዎች ይታያሉ። ልድፈናቸው አለኝ፤ ተወው አልኩት።

ኅዳር 14

ለቅበላ ለማድረስ ሁለት ቀን ሳልተኛ ሠራሁ። አልደረሰም። የድምፅ ሽቦውን በአዲስ ቀየርኩ እንጂ ማጉያው አልመጣልኝም። እናቴ በሩ ላይ ቆማ አየችኝና «ልጄ፣ አትቸኩል፤ ከነገ ጀምሮ ጾም ነው፤ ከገና በፊት ዘፈን አልሰማም» አለችኝ። እንግዲህ 44 ቀን ተፈቀደልኝ። እኔም እስከዚያው የምሞክረው በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ሊሆን ነው።

ኅዳር 23

ከአዲስ አበባ በመንገደኛ እጅ ሁለት ነገር መጣ፤ የኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95 ካርትሪጅ (መርፌውን ይዞ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ቁራጭ) እና ትንሽ የመጀመሪያ ማጉያ።

ስለ ማጉያው አጭር ቃል። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል፤ አለዚያ የከበሮው ምት መርፌው የሚሄድበትን ቦይ አስፍቶ ጎረቤት ቦይ ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ይህ ቅነሳና ጭማሪ አንድ ወጥ መለኪያ አለው፤ የማጉያው ሥራ መልሶ ማቃናት ነው። ይህን ማቃኛ ሳያስገባ ካርትሪጁን በቀጥታ ከቴፑ ጋር ያገናኘ ሰው «ሸክላ ድምፁ ቀጭን ነው» እያለ ሲያወራ ይኖራል።

ለመርፌው ክብ ጫፉን መረጥኩ። ሞላላው ጫፍ የበለጠ ዝርዝር እንደሚያወጣ አውቃለሁ፤ ነገር ግን አባቴ ጓደኞቹን ሰብስቦ ያስጨፈረባቸው ሸክላዎች ዝርዝራቸው ጭረት ነው። ክቡ ጫፍ ይቅር ባይ ነው።

ከዚያ ጥፋት ሠራሁ። ካርትሪጁ በትክክለኛው ማዕዘን እንዲታሰር የሚያግዝ የመለኪያ ወረቀት አለ፤ መርፌው ከመሐል በ66 እና በ120.9 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ከቦዩ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ሠፈራችን ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምኩት፤ አንድ ምሽት ሙሉ በመነጽር እያየሁ አሰርኩ፤ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጠዋት በማስመሪያ ስለካው 66 የተባለው 64 ነው። ማተሚያው ገጹ እንዲበቃ ብሎ በራሱ ፈቃድ 3 በመቶ አሳንሶታል። ልጅቷን «በትክክለኛው መጠን» ብዬ ደግሜ አሳተምኳት፤ ሳንቲሟንም አልተቀበለችኝም። ምሽቱ ግን አይመለስ።

የመርፌውን ክብደት የለካሁት ከአንድ ወርቅ ሠሪ በተዋስኩት ሚዛን ነው፤ 2 ግራም። ወርቅ ሠሪው ሚዛኑ ላይ የማይሸጥ ነገር ሲቀመጥ አይቶ አያውቅም መሰለኝ፤ «ስንት ካራት ነው?» አለኝ።

ታኅሣሥ 2

የፍጥነት ቀን። የ33 እና የ45 መቆሚያዎች በብሎን ይስተካከላሉ፤ ለዚያ ግን ትክክለኛው ፍጥነት የቱ እንደሆነ የሚናገር ምስክር ያስፈልጋል። ምስክሩ መስመር የተሣለበት ክብ ወረቀት ነው። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፑል በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፤ ለ33 እና አንድ ሦስተኛ ዙር 180 መስመር፣ ለ45 ደግሞ 133 መስመር ያስፈልጋል። ፍጥነቱ ልክ ሲሆን በዚያ ብርሃን ሥር መስመሮቹ የቆሙ ይመስላሉ። ሲዘገይ ወደ ኋላ፣ ሲፈጥን ወደ ፊት ይንሸራተታሉ። (ለ45 ስሌቱ 133 ከሲሶ ስለሚሆን በ133 መስመር የቆመ የሚመስለው በ45.11 ዙር ነው። ይህቺን ታህል ልዩነት ማንም ጆሮ አይለይም።)

አዲሱ የኤልኢዲ አምፑላችን አልሠራም፤ ብርሃኑ አይርገበገብም። የድሮ አምፑል ፍለጋ ሦስት ሱቅ ዞሬ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ከዚያ ዐይኔ መሬት ላይ ወደቀ። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ገመዳችን ማብሪያ ውስጥ ያለችው ቀይ መብራት! ኒዮን ናት፤ ከመስመሩ ጋር አብራ ትርገበገባለች። ክፍሉን አጨልሜ ማከፋፈያውን ወረቀቱ አፋፍ ድረስ አስጠጋሁት። በዚያች የእሳት ራት ዐይን በምታህል ቀይ ብርሃን ሥር 133ቱ መስመሮች ቀስ እያሉ፣ እየዘገዩ፣ ቆሙ። ብሎኑን አጠበቅኩ። ጨለማ ውስጥ ብቻዬን ሳጨበጭብ እናቴ ሰማችኝ።

ታኅሣሥ 6

ምንድን ነው ይህ ነገር? ዛሬ ጠዋት መስመሮቹ ወደ ኋላ እየሄዱ ነው። በየሁለት ሰከንዱ አንድ መስመር። ስሌቱ ግማሽ በመቶ መዘግየት ይሰጣል። ብሎኑ አልላላም፤ መንኮራኩሯ አልቆሸሸችም፤ ዘይቱም ያው ነው። ሞተሩን እንደገና ፈታሁት፤ ምንም የለም። ገጠምኩት፤ መስመሮቹ ቆመዋል! ሰው አብዷል ይሉኛል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።

ታኅሣሥ 9

ዛሬም ዘገየ። ይህን ጊዜ ማሽኑን ሳልነካ መልቲሜትር ይዤ ሶኬቱን ለካሁ፤ 199 ቮልት። ተነሥቼ ወደ ኩሽና ስሄድ እናቴ ምጣድ ላይ ናት።

ነገሩ ተገለጠልኝ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ በ220 ቮልት ወደ 15 አምፔር መሆኑ ነው። የቤታችን መስመር የተዘረጋው ለአምፑልና ለሬዲዮ በነበረበት ዘመን ነው፤ በዚያ ቀጭን ሽቦ ላይ ይህ ሁሉ ሲሄድ ቮልቱ መንገድ ላይ ይቀራል። የሌንኮው ሞተር ደግሞ ሁልጊዜ ከመስመሩ ምት ትንሽ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ የሚዞር ዓይነት ነው፤ ቮልቱ ሲያንስ ጉልበቱ ስለሚያንስ የሚቀርበት መጠን ይጨምራል። ምቱ ማለትም ኸርዙ አልተለወጠም፤ ስለዚህ ቀይዋ መብራት እውነቷን ነው የምትናገረው። የዘገየው ሰሃኑ ነው።

«እማዬ፣ ስንት እንጀራ ቀረሽ?»

«አሥራ አንድ። ምነው?»

አሥራ አንዱ እስኪጋገር ወረቀቱ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። የመጨረሻው ወጥቶ ምጣዱ ሲጠፋ መስመሮቹ ትንሽ አመነቱና ቆሙ። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ኤሌክትሪክ ሲመነጭ ኖሯል፤ 460 ሜጋ ዋቱ በለስም ውኃውን የሚቀዳው ከዚሁ ከጣና ነው። ይህ ሁሉ ጉልበት ከደጃችን ተነሥቶ እኛ ኩሽና ሲደርስ በአንድ ምጣድ ይሸነፋል። ቮልቴጅ አስተካካይ መግዛት አሰብኩ፤ የኛ ሠፈሮቹ ግን ቮልት ሲቀይሩ «ቀጭ» ይላሉ፤ ያ ደግሞ በድምፅ ማጉያው ይሰማል። ትክክለኛው መድኃኒት ለምጣዱ የራሱን ወፍራም መስመር መዘርጋት ነው። ይህ በሌንኮው በጀት ውስጥ አልነበረም። ለጊዜው ደንቡ፦ እንጀራ ሲጋገር ሸክላ አይጫወትም።

ታኅሣሥ 17

ሸክላዎቹን አጠብኩ። የተጣራ ውኃ መኪና ባትሪ ከሚሸጡ ዘንድ ይገኛል፤ ነገር ግን «የባትሪ ውኃ» ብላችሁ ብቻ አትግዙ፣ አሲዱንም በዚሁ ስም የሚሰጥ አለ። ጽሑፉን አንብቡ። በአንድ ሊትር ውኃ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ የቦዩን አቅጣጫ ተከትሎ። ከዚያ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ፤ ከዚያ በዕቃ ማድረቂያው ላይ እንደ ሳህን ማቆም። ሸክላ መባላቸው በስም ነው፤ እነዚህ ቪኒል ስለሆኑ ውኃ አይጎዳቸውም። የጥንቶቹ ባለ 78ቶች ግን ከሌላ ነገር የተሠሩ ናቸው፤ ወደ እነሱ አልኮል አይጠጋም። የክረምቱ ሻጋታ ከወረቀት ሽፋኖቹ ላይ አልለቅ ያለው በሁለቱ ብቻ ነው።

አብዛኞቹ አምሃና ካይፋ የተባሉት የሸክላ አሳታሚዎች ሥራዎች ናቸው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ማሳተም ሲጀምር ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የሀገር ፍቅር ብቻ ነበር። ወጣቱ ነጋዴ ግን በድፍረት ገባበት፤ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ 103 ትናንሽ ሸክላዎችና 12 አልበሞች አወጣ። ከ103ቱ ዘጠኙ እናቴ አልጋ ሥር ናቸው።

ግማሾቹ መሐላቸው ሰፊ ቀዳዳ ነው፤ 38 ሚሊ ሜትር። መሙያ ክብ ያስፈልጋል። ከወይራ ፍልጥ ራሴ አንድ ጠረብኩ፤ በጣም አመረኝ። ሳጫውተው ዘፋኙ የባሕር ሕመም ያዘው። ቀዳዳውን ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ከመሐል አስቼ ኖሯል፤ ከመሐል 75 ሚሊ ሜትር ላይ ባለ ቦይ ይህ በእያንዳንዱ ዙር ድምፁን በሁለት ሦስተኛ በመቶ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ጋሼ በቶርኖ በአሥር ደቂቃ ሌላ አወጡልኝ። የወይራው አሁን የቡና ረከቦት ላይ ነው።

ታኅሣሥ 29

ገና። ዶሮው ተበላ፤ ጠላው ወጣ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ሌንኮው ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ፎቶግራፍ እንደምትነሣ ሰው። ሳጥኑን ከፍታ ሳታነብ፣ በሽፋኑ ቀለም ብቻ፣ አንዱን አወጣችና ሰጠችኝ። አስቀመጥኩት። የዋንዛው ሳጥን ዝም አለ፤ ጉርምርምታ የለም፤ መርፌው አረፈ፤ ጭረት፣ ከዚያ ናስ መሣሪያዎቹ። ሰውነቴን ወረረኝ። ይህ ድምፅ በዚህ ቤት ካልተሰማ ከአርባ ዓመት በላይ ነው።

እናቴ ግን ፊቷ አልተፈታም። ዘፋኙ እንደገባ አንገቷን ዘንበል አደረገች።

«አሞታል እንዴ?»

«ማን?»

«ዘፋኙ። ይጎተታል እኮ። እንዲህ አልነበረም።»

ምጣዱን አየሁት፤ ጠፍቷል። ቮልቱን ለካሁ፤ 221። መብራት አጥፍቼ ቀይዋን መብራት አስጠግቼ መስመሮቹን አሳየኋት፤ ቆመዋል። 45 ዙር ማለት ይህ ነው፣ ፋብሪካው የቀረጸው በዚህ ነው አልኳት። በትዕግሥት ሰማችኝ።

«እኔ ወረቀት አላውቅም። አባትህ ሲላጭ የሚያፏጨው ግን እንዲህ አልነበረም።»

ከዚያም አፏጨችልኝ፤ እናቴ ስታፏጭ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ጥቂት ምቶች ብቻ። ከሸክላው ከፍ ያለ ነበር፤ ፈጠን ያለም።

ጥር 3

ሌሊቱን ሳስበው ገባኝ። ያ ባለ እጀታው ማጫወቻ የሚፈጥን ኖሯል። በባትሪ የሚሠሩ ትናንሽ ማጫወቻዎች ጥቂት በመቶ መሳታቸው የተለመደ ነው፤ በዚያ ዘመን መስመር ያለው ወረቀት ይዞ የሚፈትሽም አልነበረም። እናቴና አባቴ እነዚህን ዘፈኖች የለመዷቸው ዘፋኙ ከዘፈነው ትንሽ ከፍ ባለ ድምፅ ነው። ጆሮዋ አልተሳሳተም፤ ማሽናቸው ነው።

ቁልፍ ያለው ማጫወቻ ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ሌንኮው ግን ማሲንቆ ነው። ዛሬ ጠዋት ማንሻውን ከመቆሚያው አላቅቄ ለእናቴ አስያዝኳት። «ልክ ነው እስክትዪ ግፊው» አልኳት። ዐይኗን ጨፈነች። በአንድ ጣት፣ የወጥ ጨው እንደምትቀምስ በጥንቃቄ፣ ገፋችው፤ አለፈች፤ መለሰችው።

«እሱ ነው።»

ስልኬን ሰሃኑ ላይ አስቀምጬ በውስጡ ባለው የመዞሪያ መለኪያ አነበብኩ፤ 46.6። ማንሻውን አበላሽቼ እንደገና፣ በሌላ ዘፈን፣ አሞከርኳት፤ 46.7። በሦስተኛው 46.6። በሥራ ቦታዬ ይህን ያህል የሚደጋግም መሣሪያ ቢኖረኝ ለእርሱ ብዬ የምስክር ወረቀት አሠራለት ነበር።

የቶርኖው ጋሼም እንደ ቃላቸው መጡ። ቡና እስኪደርስ ሁለት ሸክላ ተጫወተ፤ ዘፈኑን የሰሙት አይመስለኝም። ጎንበስ ብለው የናይሎን መቀመጫዎቻቸውን ብቻ ሲያዩ ቆዩና «አይጮኽም» አሉ።

ጥር 5

የ45 መቆሚያውን ብሎን አልነካሁትም፤ ወረቀቱ ባለበት ይቆይ፣ ለእንግዳ ያገለግላል። ከእሱ አለፍ ብሎ፣ በማንሻው ጎን ባለው ብረት ላይ፣ በእርሳስ አንዲት ቀጭን መስመር አሠመርኩ። እናቴ ማንሻውን እዚያ ድረስ ራሷ መግፋት ለምዳለች፤ እኔ ከሥራ ስገባ ቤቱ እየዘፈነ ይቆየኛል። ዛሬ ግን በር ላይ ስደርስ ዘፈኑም የእንጀራውም ሽታ አንድ ላይ ተቀበሉኝ፤ ደንቡ ፈርሷል። ገብቼ ማንሻውን ሳየው ከእርሳሱ መስመር በአንድ ፀጉር ያህል ወደ ፈጣኑ ወገን አልፏል።

«እማዬ፣ ማን ነካው?»

«ምጣዱን ስለኩሰው ይጎተትብኛል» አለች፤ ማሰሻዋን እያነሣች።